ዓሣ በትእዛዝ አይበላም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በጨው ውኃ የኮራል አኳሪየም ላይ አይፕታዚያ የምትባለው አበባ መሳይ ተናዳፊ የባሕር እንስሳ በተባይነት ስትበዛ «ቢራቢሮ ዓሣ ግዙ» ብሎ ጨረሰ። አንዳንዱ ቢራቢሮ ዓሣ አይፕታዚያን ጠራርጎ ይበላል፣ ሌላው ዞር ብሎም አያያትም፤ ለጌጥ ያስቀመጣችኋቸውን ትሎች ግን አይምርም። ተባይዋ ስታልቅ የተሰጠውን ምግብ አልለምድ ብሎ በረሃብ የሚሞትም አለ። መቁረጥማ ጭራሽ አይሞከርም፣ ከቁራጯ ሌላ ትበቅላለች።

በዓሣ ተባይ ማጥፋት ከተባለ፣ እኛ ሸዋ ሮቢት ያለነውን የሚያሳስበን የወባ ትንኝ እጭ ነው። በአሰብ አፋኒየስ ዲስፓር የተባለች የአካባቢው ትንሽ ዓሣ እጭ እንድትበላ ተሞክራለች። ለመስኖ ኩሬያችንም የአገሩ ዓሣ ይፈተሽ እንጂ ጋምቡዚያ የምትባለውን የውጭ እጭ በል ዓሣ እንዳታመጡብን፤ በተወሰደችበት ብዙ ቦታ የአገሬውን ትንንሽ ዓሣ ጎድታለች።