ቤት መታ ወይስ አጥር ነካ?

አዲስ አበባ ውስጥ በህይወቱ አንድ ስንኝ ጽፎ የማያውቅ ግን የሰው ግጥም ቤት መምታት አለመምታቱን የሚዳኝ ሰው ሞልቷል። ታክሲ ውስጥ አለ፣ ሰርግ ላይ አለ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አለ፣ ሙሾ እየሰማ እንባውን በመሀረብ እየጠረገ ጎን ለጎኑ ላለው ሰው "ሁለተኛዋ ስንኝ ግን ትንሽ ሳተች አይደል?" የሚል። የሚገርመው ጭራሽ ቤት በማይመታ ግጥም ማንም አይጣላም፣ ይሳቅበትና ያልፋል። ጠብ የሚያስነሳው ለጥቂት የሳተው ነው። መቷል እንዳትለው አልመታም፣ አልመታም እንዳትለው ደሞ ጆሮህን የሆነ ነገር ነካ አድርጎት ሄዷል።

ከአራት ኪሎ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ራስ በላይ እንዲ የሚል ጥቅስ ተለጥፎ ነበር

ዝርዝር ይዘህ ግባ እባክህ ወንድሜ፣
መልስ ከየት ይምጣ እንዲሁ ሁልጊዜ።

ጋቢና የተቀመጡ ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና "ሜ እና ዜ? ይሄማ ቤት አይመታም" አሉ፣ ለማንም አልነበረም፣ ለራሳቸው ነበር ግን ታክሲ ውስጥ ለራስ የሚባል ነገር የለም። ከኋላ አንዷ ልጅ ኤርፎኗን ከአንድ ጆሮዋ ነቅላ "ኧረ ጋሼ ይመታል፣ ሁለቱም እኮ ኤ ነው የሚሉት" አለች። "ኤ ብቻ ከበቃማ ጎረቤቴ ከአህያዬ ጋር ሊገጥም ነው!" አሉ ጋሼ። ታክሲው በሳቅ ፈረሰ፣ ሁለት ሰው ከሳቸው ጋር ሆነ፣ ሶስት ሰው ከልጅቷ ጋር፣ አንድ ሰውዬ ደሞ ገለልተኛ ነኝ ብሎ የሁለቱንም ወገን ሀሳብ ማብራራት ጀመረ (ሁሌ አንድ እንደዚ አይነት ሰው አይጠፋም)። ረዳቱ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና "ፋዘር፣ ቤት ቢመታ ሂሳብ ይጨምሩልኛል? ወራጅ ካለ በጊዜ ተናገሩ" ብሎ ጉባኤውን በተነው።

በህጉ ከሄድን ሽማግሌው ልክ ናቸው። አማርኛ ግጥም ቤት መታ የሚባለው የስንኙ የመጨረሻ ፊደል በዘሩም በድምፁም አንድ ሲሆን ነው። "ወንድሜ" ከ"አቅሜ" ጋር ይመታል፣ መ ከነኀምሱ፣ ማለትም ከነ ኤ ድምፁ፣ ተደገመ። "ሁልጊዜ" ግን ከ"ወንድሜ" ጋር የሚጋራው ኀምስነቱን ብቻ ነው፣ ሰርግ ላይ አንድ አይነት ጥለት ስለለበሱ እህትማማች ናቸው እንደማለት ነው። ልኩ እንኳን ምንም አይወጣለትም፣ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ስድስት በስድስት ቀለም የሚሆን ጥርት ያለ የወል ቤት ነው፣ ጥቅሱን የጻፈው ሰው ጆሮ አለው፣ ብቻ መጨረሻው ላይ ቸኩሏል።

ግን ህጉ ራሱ የጓሮ በር አለው። ተወራራሽ የሚባሉ ፊደሎች አሉ፣ ሰ ከሸ፣ ተ ከቸ፣ ደ ከጀ፣ ነ ከኘ፣ ጠ ከጨ፣ ለ ከየ እያለ ይቀጥላል፣ እነዚ ፊደሎች አንዱ በሌላው ቦታ ቤት ቢመታ ድሮም ይታለፋል። ለምን ካልክ ቋንቋው ራሱ አንዱን ወደ አንዱ ሲቀይር ነው የሚውለው። የለመነ ሰው ለማኝ ይባላል፣ የወሰደ ወሳጅ፣ የከፈተ ከፋች፣ የመረጠ መራጭ፣ የከፈለ ከፋይ። ነ እና ኘ የስጋ ዘመድ ናቸው በቃ፣ ሜ እና ዜ ግን ታክሲ ውስጥ ነው የተዋወቁት። ስለዚ "ለጥቂት የሳተ ቤት ቤት ነው ወይ" ለሚለው የአማርኛ መልስ የሚጀምረው "ለጥቂት ማለት በየት በኩል?" ከሚለው ነው። ዘመድ ከሆነ ይግባ፣ ጥለት ብቻ ከሆነ ደጅ ይቆይ።

እዚ ላይ ደሞ ሌላ አይነት ዳኛ አለ፣ በጆሮው ሳይሆን በአይኑ የሚዳኝ። "አንተ የጨረስከው በእሳቱ ሰ ነው እሷ ደሞ በንጉሡ ሠ ነው ስለዚ አይመታም" የሚል። ወንድሜ እኔና አንተ ሁለቱንም ስናነብ ልዩነታቸውን ከሰማህ ዶክተር ጋ ሂድ! ሀ ሐ ኀ ብለህ ፌስቡክ ላይ ስትጣላ የምትውል ሰው ግጥሙ ስለምን እንደሆነ ብትጠየቅ ግን አትመልስም።

አሁን እውነተኛው ጥፋተኛ ላይ ልምጣ። አማርኛ ግስ የሚመጣው አረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ነው፣ ግሱ ደሞ ባለቤቱንም ተሳቢውንም ጅራቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚመጣው። ስለዚ "ወደድኩሽ፣ ናፈቅኩሽ፣ ጠበቅኩሽ፣ አጣሁሽ" ብለህ ብትደረድር ሁሉም ያለምንም እንከን ቤት ይመታል፣ ሰዋስው ነው የመታልህ አንተ ምንም አላረክም። በ"ሽ" ብቻ ሙሉ አልበም ይወጣል፣ ወጥቷልም። "ነው" ሲባል "ነው"፣ "አለ" ሲባል "አለ"፣ ይሄን ማንም ዳኛ አይቃወምም፣ ምክንያቱም በህጉ ፍጹም ነው። አንዱ ምስኪን ግን ሁለት ተገናኝተው የማያውቁ ቃላት አገናኝቶ መጨረሻ ላይ ፊደሏ ትንሽ ከተንሸራተተችበት ይሰቀላል። እኔ ለራሴ አንድ ጥሩ ለጥቂት የሳተ ቤት ከሃምሳ ልክ ከሆነ "ሽ" ይሻለኛል። ቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና የምትባለው የቅኔ አይነት ሁለት መስመር ብቻ ሆና ተማሪው እሷን ለማውጣት በየዛፉ ስር ሲብሰለሰል የሚውለው ቤቱ ጠፍቶት አይመስለኝም፣ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚያስቀምጥ ነው የሚጨንቀው። እኛ ጋር ቤቱ ይመታና ባዶውን ይከራያል።

ደሞ እውነቱን እንነጋገር ካልን ዳኝነቱ ፊደሉን ብቻ አይቶ አያውቅም፣ መጀመሪያ የሚያየው ኪስ ነው። ካዛንቺስ ድሮ ሳይፈርስ አዝማሪ ቤቶቹ ውስጥ አምሽቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ያውቃል። አንድ ሰውዬ ውስኪው ጨምሮበት እጁን አንስቶ "ተቀበል!" ይላል

ካዛንቺስ ገብቼ ልዝናና ብዬ፣
ያየኋት ቆንጆ ልጅ ወሰደች ልቤን።

ዬ እና ቤን! ይሄ ለጥቂት የሳተ አይደለም፣ ሌላ ክፍለ ከተማ ነው የገባው። አዝማሪው ግን ማሲንቆውን አንዴ ገዝገዝ አደረገና ሳይደናገጥ "ወሰደችው ልቤን እዬዬ እዬዬ!" ብሎ ዘጋለት። ቤቱ መታ፣ ሰዉ በሳቅ ተንከተከተ፣ ሰውዬው ጭብጨባው ለሱ መስሎት ተነስቶ ሁለት መቶ ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። አዝማሪውም ቀጥሎ ለሱ ብቻ አራት ዙር የምስጋና ስንኝ ወረወረለት። ትንሽ ቆይቶ ጥግ ላይ አንድ ቢራ ለሁለት ይዘው ከተቀመጡ የዩኒቨርስቲ ልጆች አንዱ ተነሳ

ደሞዜን አግኝቼ ገና ሳልጎርስ፣
አከራይ ይመጣል እንደ ሟች ወራሽ።

ሰዉ ጸጥ አለ፣ ከዛ "ኡ!" አለ፣ ምክንያቱም ግማሹ ሰው ተከራይ ነው። ስ እና ሽ ናቸው፣ ያውም የወረሰ ሰው ራሱ ወራሽ አይደል የሚባለው፣ ከዚ በላይ የቅርብ ዘመድ ከየት ይመጣል? አዝማሪው ግን ፈገግ ብሎ "ጎበዝ፣ ቤቱን አስተካክለህ ና" ብሎ አሳለፈው። ልጁ ደሞዝ የለውም፣ ግንባር ላይ የሚለጠፍም የለውም። ባለ ውስኪው ሰውዬ ደሞ ዞር ብሎ "ግጥም እንዲ ቀላል አይደለም ልጄ" ብሎ መከረው።

መስሪያ ቤትም ያው ነው። አለቃ ለጡረተኛ ሽኝት የጻፈውን ግጥም ያነባል፣ አንደኛው ስንኝ በ"ን" ሁለተኛው በ"ት" ሶስተኛው በሳል ያልቃል፣ ከፊት የተቀመጡት "አቀራረቡ ዘመናዊ ነው" ይላሉ። ያንኑ ግጥም ጥበቃው ቢያነበው ማይኩን ይቀሙት ነበር። ፈቃድ ማለት እንዲ ነው፣ ጸጋዬ ገብረመድኅን ስንኙን ስምንት በስምንት አርጎ ዘረጋው፣ "የጸጋዬ ቤት" ተብሎ በስሙ ተጠራለት፣ ይገባዋልም ሎሬት ነው። እኔ ባረገው "ስንኝህ ረዘመ፣ ትንፋሽ አሳጣኸን" ነው የምባለው።

ፈረንጅም ቢሆን ከዚ አላመለጠም። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲክንሰን ለጥቂት የሚስቱ ቤቶችን አውቃ ነበር የምትጽፈው፣ ከሞተች በኋላ ግጥሞቿ እ.ኤ.አ. በ1890 ሲታተሙ አዘጋጆቹ ቤቱ ይስተካከል ብለው ቃላት ቀያየሩባት። የሞተች ሴት ኮሜንት አትመልስም ብለው ነው መሰለኝ።

ይሄን ያነሳሁት የእህቴ ልጅ ራፐር ስለሆነ ነው፣ ማለቴ ለጊዜው። ቢት እየከፈተ ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል፣ "ቤት አይመታም" ስለው ደሞ "አንተ ፋራ ነህ፣ ኤሚነምን አታውቅም" ይለኛል። አሳየኝ አልኩት፣ አሳየኝ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲክስቲ ሚኒትስ የሚባል የአሜሪካ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ኦሬንጅ የሚለው ቃል የሚገጥመው የለም ሲባል እንደሚያናድደው ይናገርና ፎር ኢንች፣ ዶር ሂንጅ፣ ስቶሬጅ፣ ፖሪጅ፣ ጆርጅ እያለ ይደረድረዋል። አንዱም በትክክል አይገጥምም፣ አፉ ውስጥ ግን አጣጥፎ አጣጥፎ ሁሉንም አስገጠማቸው። አጨበጨብኩ፣ እውነቴን ነው። ከሱ በተቃራኒ የአሜሪካ ብሮድዌይ ቴአትር ዘፈን ጸሐፊው ስቲቨን ሶንድሃይም አለ፣ የቴአትር ዘፈን ላይ በትክክል የማይገጥም ቤት አይገባም ባይ ነበር፣ ተመልካች ቃሉን ቁጭ ብሎ የሚሰማው አንዴ ስለሆነ ልክ የሆነ ቤት ጆሮው እንዲይዘው ያግዘዋል ነው ነገሩ። ይሄንንም ለልጁ ነገርኩት፣ "እሱ ስንት ፎሎወር አለው?" አለኝ። አልመለስኩለትም።

ግን አስቡት፣ እንግሊዝኛ ገጣጣሚ ቃል የቸገረው ቋንቋ ነው፣ ለኦሬንጅ እንኳን ጓደኛ አጥቶ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ይወጣለታል። የተቸገረ ሰው ትንሽ ቢያጭበረብር ይገባኛል። የኛ ብርቱካን ግን ማንን አጥታ ነው? "መካን" አለ፣ "አሜሪካን" አለ፣ ከፈለገች ሰዋስው ራሱ "ለካን" ብሎ ያመጣላታል። በዚህ ሁሉ ሀብት መሀል ቁጭ ብለህ "ፍቅሬ" ን ከ"ልቤ" ጋር አስገጥመህ "ስላንት ራይም ነው"፣ ፈረንጅ ለጥቂት ለሳተ ቤት ያወጣለት ስም፣ ካልከኝ ስንፍና ነው ብዬ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ። የእህቴን ልጅ ነግሬዋለሁ።

ከዛ ደሞ ዘፈኑን በዜማ ሲያደርገው ሰማሁት፣ ችግር ተፈጠረ። "ፍቅሬኤኤኤ" ብሎ በትዝታ ይስብና "ልቤኤኤኤ" ላይ ያርፋል፣ እና ይመታል! ዘፋኝ አናባቢውን አንዴ ከያዘ ፊደሉ ይሰምጣል፣ አራት ምት ሙሉ የምትሰማው ኤ ብቻ ነው፣ ሬ ይሁን ቤ ይሁን የሚያስታውስ የለም። ታክሲ ውስጥ ያለችው ልጅ ኤርፎን ያረገችው ለካ ለዚ ነው፣ እሷ በሰማችበት ልክ ናት፣ ሽማግሌው ባነበቡበት ልክ ናቸው። ስለዚ ልጁን "ዝፈነው እንጂ እንዳትለጥፈው፣ ግጥሙን ብቻውን አውጥተህ ሰው እንዳያነበው" ብዬ ፈረድኩለት። ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ምሽት ላይ ሲያነቡ የነበሩትም ይሄን የደረሱበት ይመስለኛል፣ ቤቱ ሊስት ሲል ሳክስፎኑ ከተፍ ብሎ ይመታላቸው ነበር።

ጭራሽ የማይታለሉ ግን አሉ፣ የኛ ሰፈር ጡረተኛ የአማርኛ አስተማሪ። ባለፈው ቡሄ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ደጃቸው ቆሙ፣ ሆያ ሆዬውን ደለቁና ማሞገስ ጀመሩ

የኔማ ጋሼ የሰጡን አምባሻ፣
በልተን ጠገብን እስከ ማታ።

በሩ አልተከፈተም። ከውስጥ "ሻ ከታ ጋር አይሄድም! ተወራራሽ እንኳን አይደሉም!" የሚል ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ በበሩ ስር አንድ ድፍን አምስት ብር ሾልኮ ወጣ። ልጆቹ አይተውት ተያዩ፣ ትንሽ ተንሾካሾኩና ዱላቸውን መሬት ላይ መቱት

የኔማ ጋሼ የሰጡን አምስት፣
እንዴት እንካፈል ሆነን ስድስት!

በሩ ተበረገደ። ጋሼ በነጠላ ጫማ ሮጠው ወጡ፣ "ስት በስት! ሁለት ፊደል ወደ ኋላ ሄዶ ነው የመታው እኮ!" እያሉ መቶ ብር መዘው ለትልቁ ልጅ ሰጡት፣ ትንሹንም ግንባሩን ሳሙት። ከጓዳ እትዬ ብቅ አሉና ብሩን በአይናቸው እስከ ልጁ ኪስ ሸኝተው ሲያበቁ "አንተ ሰውዬ፣ ለአስቤዛ ስጠኝ ስልህ የምትዘጋኝ እኔም ቤት ስላልመታሁ ነው?" አሏቸው።