እርማት፦ የኪንግ ካውንቲ የልጆች የአእምሮ ጤና ገንዘብ ለተከሰሱ ልጆች ብቻ አይደለም

ሰላም ለሁላችሁ። ሲያትል አካባቢ ባለነው ወላጆች መካከል አንድ ወሬ እየተዛመተ ነው፦ «ካውንቲው ለልጆች የአእምሮ ጤና የሚያወጣው ገንዘብ በፍርድ ቤት በኩል ነው፤ ያልተከሰሰ ልጅ አያገኘውም፣ ካገኘም ወንጀል መዝገብ ላይ ይሰፍራል።» በቅን ልቦና የተባለ ይመስለኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

ገንዘቡ ሚድ (MIDD) ከሚባለው የ0.1 በመቶ የሽያጭ ታክስ የሚመጣ ነው። የ100 ዶላር ጫማ ስትገዙ 10 ሳንቲም ለእሱ ትከፍላላችሁ። (ጤፍ ላይ የለም፤ አስቤዛ ከሽያጭ ታክስ ነፃ ነው።) የዋሽንግተን ግዛት በ2005 ካውንቲዎች እንዲጥሉት ፈቀደ፤ የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት በ2007 አጸደቀው፣ በ2016 አደሰው። ሕጉ ሕክምና ላይ ያተኮሩ ፍርድ ቤቶችንም ስለሚደግፍ ግርታው የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ከዚሁ ገንዘብ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ምርመራና ምክር፣ ልጅ ሲጨነቅ ቤት ድረስ የሚመጣ ቡድንም ይደገፋል። ለእነዚህ ክስ አያስፈልግም። የሕክምና ፋይልም የወንጀል መዝገብ አይደለም።

ወሬው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ ወላጅ «ስሙ ይበላሻል» ብሎ ዝም ይላል፤ ነገሩ ሲከፋ 911 ይደውልና በር ላይ የሚቆመው ፖሊስ ይሆናል። የፈራው ያኔ ይመጣል።

ማጣራት ለሚፈልግ፣ ካውንቲው ድረ ገጹ ላይ የሚያወጣው የሚድ ዓመታዊ ሪፖርት ገንዘቡ የሚሄድባቸውን ፕሮግራሞች ይዘረዝራል። የልጃችሁን ትምህርት ቤት አማካሪም «ይህ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሰጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለአስቸኳይ ጭንቀት 988 የሚባል የስልክ መስመር አለ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።