«ሰባት ሰዓት ብቻ እኮ ነው!»

ከዱባይ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ርቀቱ 5,800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው 7 ሰዓት ይላችኋል። አለቀ! ከጓንዡ ዕቃ የማመጣለት፣ ይቺን ቁጥር ያየ ደንበኛ ሁሉ ሰዓት ተቆጣጣሪዬ ሆኖ አረፈው። «ጠዋት ከተነሳህ ከሰዓት ገበያ ትገባለህ አይደል?» አዎ፣ ክንፍ ካበቀልኩ።

ሰባት ሰዓቱ የአውሮፕላኑ ነው፣ የኔ አይደለም። በረራው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከሆነ እኔ ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር ካለው ቤቴ የምወጣው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ሰልፍ፣ የሻንጣ ሚዛን፣ ፍተሻ፣ ቀበቶ ማውለቅ። ጓንዡ ደግሞ ከዱባይ 4 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ስወርድ እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ከዚያ ኢሚግሬሽን። አሻራ ስጥ፣ ካሜራውን እይ፣ አይ እንደገና ጣትህን ጫን። ባይዩን አየር ማረፊያ ከመሀል ከተማው 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሻውቤይ የሚባለው ሰፈር ካለው ሆቴሌ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ እኩለ ሌሊት ደርሷል። የትኛው ገበያ ነው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ?

መመለሻው ይብሳል። እዚያ ከፍታ ላይ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ስትሄድ ከኋላ ይገፋሃል፣ ስትመለስ ፊት ለፊት ይገጥምሃል። በተለይ በክረምታቸው፣ በብርዱ ወራት። ስለዚህ 8 ሰዓትና ከዚያም በላይ ትበራለህ። ግን የዱባይ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስተህ ሳይነጋ ትደርሳለህ። ደንበኛዬ ቲኬቱን አይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አራት ሰዓት በርረህ ነው እንዲህ የደከመህ?» በስመ አብ!

ስለ ቲኬት ካነሳን፣ ያቺ 00:15 የምትባል ሰዓት የስንቱን ሐበሻ ገንዘብ በላች! «ሐሙስ 00:15» ማለት ረቡዕ ማታ ሻንጣህን ይዘህ ትሄዳለህ ማለት ነው። ለኛ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ያው የረቡዕ ሌሊት ነው፣ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ነዋ። አንዱ ጓደኛዬ ሐሙስ ማታ ተሽቀርቅሮ ሄደ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። አዲስ ቲኬት በራሱ ኪስ።

«ታዲያ ረከስ ያለውን ትራንዚት ያዝ» የሚሉኝም አሉ። በስሪላንካ፣ በኮሎምቦ ዞሬ ስሄድ መንገዱ ወደ 7,300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርፍ መንገድ፣ በዚያ ላይ የአየር ማረፊያ ወንበር ላይ አንገት ሰብሮ ማደር። በሚያዝያና በጥቅምት የጓንዡው ትልቅ የንግድ ትርኢት፣ የካንቶን ትርኢት የሚሉት፣ ሲከፈት ደግሞ ይሄም በመከራ ነው የሚገኘው። ከ1957 ጀምሮ ያለ ትርኢት ነው፣ የዓለም ነጋዴ ሁሉ እዚያ ነው፣ ሆቴሉም ዋጋውን ይሰቅላል።

ትናንት ደግሞ አንዷ «ቅዳሜ ሄደህ እሑድ ጫማውን ታደርስልኛለህ፣ ለሰርግ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። እህቴ፣ ጫማው በካርጎ ነው የሚመጣው። ሰርጉን ገፋ አድርጉት።