ምስጋና ለጓዳ ጠራጊው ለጋስ

ለምግብ ባንክ፣ ማለትም ምግብ ሰብስቦ ለተቸገረው ለሚያድል ድርጅት፣ ምግብ ይሰብሰብ የተባለ ዕለት የሰው ደግነት ከየት እንደሚወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከጓዳ ነው የሚወጣው። ያውም ከመደርደሪያው የኋላ ረድፍ፣ በርጩማ ካልተወጣ በማይደረስበት ጥግ። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ካርቶን ይቀመጣል፣ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች ወረቀት ይልካል፤ ያን ጊዜ ተዘግቶ የከረመው የቁም ሳጥን በር ሲጥጥ ብሎ ይከፈታል። ይህን በር የሚከፍተውን ሰው ነው ዛሬ የማመሰግነው።

አመራረጡን ልብ ብላችሁ እዩት። ፊት ለፊት ያለውን አዲስ የፓስታ እሽግ አንስቶ ወደ ጎን ያደርገዋል። እሱ ለቤት ነው። ሩዙም ለቤት ነው። ከኋላ አቧራ የለበሰ ጣሳ ያወጣና በአውራ ጣቱ ጠረግ ያደርገዋል። ገልበጥ አድርጎ ቂጡ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እንደገና ያነባል። ከዚያ «ኧረ ይሄ ምንም አይልም» ብሎ ከረጢቱ ውስጥ ዶል ያደርገዋል። ሚስቱ «ታዲያ ለእራት ልክፈተዋ?» ብትለው ግን «አንቺ ደግሞ፣ ልትጨርሺን ነው እንዴ?» ይላታል።

ይህ ሰው በዚያች ቅጽበት የምግብ ሳይንቲስት ሆኗል። «ቀኑ እኮ ለጥራት ነው እንጂ ለጤና አይደለም» ብሎ ያስረዳችኋል። ግማሽ እውነት አለው። ከዚህ ቀን በፊት ቢበላ ይመረጣል የሚለው ጽሑፍ ስለ ጣዕምና ስለ ጥራት ነው የሚያወራው። በደንብ የተቀመጠ ጣሳ ወይም ደረቅ ምግብ ከዚያ በኋላም ሊበላ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን በራሳቸው መመሪያ እያዩ የሚቀበሉ የምግብ ባንኮች አሉ። እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ ተጠቀሙ የሚለው ግን የጤና ጉዳይ ነው፤ ድርድር የለውም። የሕፃናት ዱቄት ወተትም ቀኑ ካለፈ አለፈ ነው። የኛ ሳይንቲስት ሁሉንም አንድ ላይ ይደባልቀዋል። ደግነቱ፣ ግኝቱን በራሱ ሆድ ላይ ሞክሮ አያውቅም። ክብሩን ለሌላ ይተዋል።

ያበጠ ጣሳም አይቀርበትም። ጣሳ ሲያብጥ ውስጡ ጋዝ የሚያመርት ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል። መጋጠሚያው ላይ የተጨረማመተም አየርና ተህዋስያን ሊያስገባ ይችላል። ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣው መርዝ ደግሞ አይታይም፣ ላይሸትም ይችላል፤ ሰው ግን ይገድላል። ለጋሳችን ይህን ሁሉ አያካብድም። ጣሳው ጠግቦ ነው።

ግማሹ ተበልቶ አፉ በላስቲክ የታሰረ የብስኩት እሽግም ከረጢቱ ውስጥ አለ። የምግብ ባንኮች የተከፈተ እሽግ አይቀበሉም፤ ምን እንደገባበት በምን ይታወቃል? ለጋሳችን ግን በመካፈል ያምናል። ግማሹን በልቷል፣ ግማሹን ሰጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን እኩልነት አለ? ከጎኑ ስም የሌለው የብርጭቆ ማሰሮ ተቀምጧል። ውስጡ ያለውን ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው አይታወቅም። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ክብደት ለመቀነስ ተገዝቶ አንድ ጊዜ ተቀምሶ የተጠላ የዱቄት ሾርባ አለ። የሚበላው ያጣ ሰው ውፍረት እንዳያስቸግረው ታስቦ መሆን አለበት።

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። የኛ ሰው ግን የተራበ መኖሩን ያውቃል። የማይመስለው የተራበውም ምላስ እንዳለው ነው። ጣሳ መክፈቻ ላይኖረው እንደሚችልም አልመጣለትም። ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ለሰዓታት ባቄላ የሚቀቅልበት ማገዶ ወይም መብራት ላይኖረው እንደሚችል እንዲሁ። በጣት ተስቦ የሚከፈት ጣሳ መስጠት ለዚህ ጥሩ መላ ነበር። ግን እሱን ራሱ ይፈልገዋል፤ ለሽርሽር ይመቸዋል።

ከረጢቱ በስተመጨረሻ የሚያርፈው ከመለያው ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ በጎ ፈቃደኞች ቆመዋል። አንዷ ጣሳ ታነሳለች፣ ትገለብጣለች፣ ታነባለች፣ ወይ ወደ ቀኙ ሳጥን ወይ ወደ ግራው በርሜል። ቀኝ። ግራ። ግራ። ክዳኑ ላይ የፈሰሰ ነገር ደርቆ ቁጥሩን ስለሸፈነው በጥፍሯ ትፍቃለች። ግራ። በርሜሉ ሲሞላ ሁለት ሆነው ገፍተው ያወጡታል። ቆሻሻ ማስወጣት ደግሞ በብዙ ቦታ በክፍያ ነው፤ ሒሳቡ የሚመጣው ለምግብ ባንኩ ነው። ስለዚህ ለጋሳችን ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መትቷል፤ ጓዳው ጸድቷል፣ ነፍሱም ጸድታለች፣ ቆሻሻው የተጣለበትን ደግሞ ድርጅቱ ከፍሏል። «ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ» ያለው ሰው እዚህ ጠረጴዛ ጋ ሳይቆም አይቀርም።

ይህ ነገር እንዴት እንደ ተጀመረ ብትሰሙ የለጋሳችን ሥራ ይበልጥ ይገባችኋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ጆን ቫን ሄንግል የሚባል ሰው በአሜሪካ፣ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ የመጀመሪያውን የምግብ ባንክ አቋቋመ። ሐሳቡን የሰጠችው ልጆቿን ከገበያ መደብር ጀርባ ከሚጣል ምግብ እየለቀመች የምታሳድግ እናት እንደ ነበረች ነው የሚነገረው። ምግቡ የሚበላ ደህና ምግብ ነበር። የተረፈው የሚያስቀምጥበት፣ የቸገረው የሚያወጣበት እንደ ባንክ ያለ ቦታ ለምን አይኖርም አለችው። በ1984 ፓሪስ ላይ የአውሮፓ የመጀመሪያው ተከፈተ። ከዚያ ዓለምን አዳረሰ። እንግዲህ ሴትየዋ ያየችው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የገባ ደህና ምግብ ነው። ለጋሳችን ነገሩን አሻሻለው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መግባት የነበረበትን ወደ ምግብ ባንክ አመጣው።

ፈረንሳይ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ የምግብ መደብሮች ያልተሸጠ የሚበላ ምግብ ሆን ብለው እንዳያበላሹ፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ጋር ውል እንዲያስሩ በሕግ አዘዘች። ለቤት ግን ሕግ የለም። ለምን ይኖራል? የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደሚለው በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው ከየቤቱ ነው። እኛ ነን ማለት ነው። ትኩሱን እንደፋዋለን፤ የከረመውን እንለግሰዋለን። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

አሁን ወደ ገንዘብ እንምጣ። ለጋሳችን እዚህ ላይ ቆፍጠን ይላል። «ጥሬ ብርማ አልሰጥም፤ ምን እንደሚያደርጉበት በምን አውቃለሁ?» ይላል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ገንዘብ ቢያገኙ እኮ በጅምላ ዋጋ ሊገዙበት ነው። እሱ ከሱቅ አንድ እሽግ በሚገዛበት ገንዘብ የምግብ ባንክ ብዙ እጥፍ ሊያገኝ ይችላል። በር ላይ ካርቶን ውስጥ የማይቀመጠውን እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልት ሊገዙ ነው። የጭነት መኪናውን ነዳጅ ሊከፍሉበት ነው። የማቀዝቀዣውን መብራትም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ለዓይን የማይማርክ ወጪ ነው። ሰውየው ስለዚህ መኪናውን አስነስቶ፣ ነዳጁን አቃጥሎ፣ በችርቻሮ ሁለት እሽግ ማኮሮኒ ገዝቶ ያመጣል። ማኮሮኒ ቢያንስ በእጅ ይያዛል። በእጅ የሚያዝ ነገር ደግሞ ፎቶ ይነሳል።

መሥሪያ ቤቶችንማ ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል። የምግብ ማሰባሰብ ውድድር ያዘጋጃሉ፤ ክፍል ከክፍል ይፋለማል፤ አሸናፊው የሚለየው በኪሎ ነው። ኪሎ ሲባል የማይነቃ የለም። አንዱ ክፍል የውኃ ጠርሙስ በካርቶን በካርቶን ያስጭናል። ሌላው ጨው ያመጣል፤ ርካሽ ነው፣ ከባድ ነው፣ ቦታ አይፈጅም። የሒሳብ ክፍል በጨው ብልጫ ዋንጫ ይወስዳል። ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ በዋንጫው ይፎካከራሉ። የተቸገረው ቤተሰብ ጨውን በምን እንደሚበላው ውድድሩ አላካተተም። ለቀጣዩ ዙር ይታሰብበታል።

ርክክቡ ላይ ደግሞ ሸራው ይወጠራል። አንድ ዓይነት ቲሸርት ይለበሳል፤ ቲሸርቱ የተሠራበት ገንዘብ ስንት ኪሎ ሩዝ ይገዛ እንደነበር የሚያሰላ ምቀኛ አይጠፋም፣ እሱን ተዉት። አንዲት እናት ከሰልፉ ተጠርተው ይመጣሉ። አንዲት የዘይት ጠርሙስ በአራት ሰው እጅ ትያዛለች፤ ሦስቱ የሚሰጡ፣ አንዱ የሚቀበል። «እናቴ፣ ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉልን።» ይዞራሉ። «ፈገግ ይበሉ እንጂ!» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ። «አይ፣ ፊትዎ አልታየም፤ አንዴ እንድገመው።» ዘይቷ ለሁለተኛ ጊዜ ትሰጣለች። ቀኝህ የሚያደርገውን ግራህ አይወቅ የተባለው ሁለቱም እጆች በአንድ ስልክ ስክሪን ውስጥ የሚገቡበት ዘመን ሳይመጣ ነው። ሴትየዋ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ልጃቸው ፎቶውን ቀድሞ አይቶታል። የክፍል ጓደኞቹም አይተውታል።

የጊዜ አመራረጣችንም መመስገን አለበት። በዓል ሲደርስ ሁላችንም እንነቃለን። መጋዘኑ ይጨናነቃል፣ በጎ ፈቃደኛ ይበዛል፣ «ዛሬ ቦታ የለም፣ ሌላ ቀን ይምጡ» እስከ መባል ይደረሳል። በዓሉ ሲያልፍ እንተኛለን። ሆድ ግን የበዓል ቀን መቁጠሪያ አይዝም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ምሳቸውን እዚያ የሚበሉ ልጆች ሙሉ ቀን ቤት ይውላሉ፤ መደርደሪያው የሚሳሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። በዚያ ወቅት ለጋሳችን ዕረፍት ላይ ነው። ደክሞታል፤ ዓመት ሙሉ ጓዳ ሲያከማች የነበረ ሰው ነው።

በነገራችን ላይ ሌላ ዓይነት ሰዎችም አሉ፤ ስለ እነሱ ግን የሚጻፍ ነገር የለም። በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ከሒሳባቸው እንዲቆረጥ ያደርጋሉ፤ አንድ ቅጽ ሞልተው ረስተውታል። ገበያ ሲወጡ ለቤታቸው የሚገዙትን ያንኑ ዓይነት አንድ ተጨማሪ ገዝተው ካርቶኑ ውስጥ ጣል አድርገው ይሄዳሉ። ማኅተሙ ያልተፈታ፣ ቀኑ ገና የሆነ። ሸራ የላቸውም፣ ቲሸርት የላቸውም። አሰልቺ ሰዎች ናቸው።

ከእነሱም የባሱት የሚደውሉት ናቸው። ከመስጠታቸው በፊት ስልክ አንስተው «ምን ይጎድላችኋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ለጋሳችንን እንዲህ ያለ ስህተት እንዳይሠራ አጥብቄ እመክረዋለሁ። አደገኛ ጥያቄ ነው፤ መልስ ሊኖረው ይችላል። «ዘይት ጎድሎናል፣ የሕፃን ዳይፐር ጎድሎናል፣ የሴቶች ንጽህና መጠበቂያ ጎድሎናል፣ ማክሰኞ ጠዋት ጣሳ የሚለይ ሰው ጎድሎናል» ቢሉትስ? ማክሰኞ ጠዋት እኮ ካሜራ የሚይዝ ሰው አይገኝም።