ዘማችን በዘማች አትመዝኑ

ወገኖቼ፣ አንድ ክፉ ልማድ አለብን። ከጦርነት የተመለሰ ወጣት «እንቅልፍ አጣሁ» ሲል «የድሮዎቹማ ስንቱን ችለውታል፤ የዛሬ ልጅ ልፍስፍስ ነው» እንላለን። ኧረ ተዉ!

ለመሆኑ የድሮዎቹ ቻሉት ያለው ማነው? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሩ ጭቃ የሞላው ምሽግ ውስጥ ተጋድሞ ለቀናት የመድፍ ናዳ ይወርድበት ነበር። አንድም ቁስል ሳይኖርበት አንደበቱ የተዘጋ፣ መራመድ ያቃተው፣ እጁ አልታዘዝ ያለው ብዙ ነው። ሐኪሞች ፍንዳታው አንጎላቸውን አናግቶት ነው አሉ። ፍንዳታ ያልደረሰባቸውም እንደዚያው ሲሆኑ ግን ግራ ገባቸው። በዚያው ጦርነት የእንግሊዝ ጦር «ከዳችሁ፣ ፈራችሁ» እያለ የረሸናቸው 306 ወታደሮች ይቅርታ ያገኙት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ ደግሞ አሜሪካዊው ጄኔራል ፓተን ጣሊያን ሲሲሊ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ሁለት ወታደሮችን ፈሪ ብሎ በጥፊ መታ። ይህን እያየ ማን አፉን ይከፍታል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ እንጂ።

መከራውም ቢሆን መልኩን ይለውጣል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች አብዛኛውን ጊዜ በመርከብ፣ ከጓዶቹ ጋር እያወራ ነው የተመለሰው። ቬትናም የዘመተው አሜሪካዊ ግን ብዙውን ጊዜ ዓመቱ ሲሞላ ለብቻው አውሮፕላን ተሳፍሮ በቀናት ውስጥ እናቱ ቤት ይገኛል። ሕመሙ ዛሬ የሚጠራበትን ስም (ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ.) በሐኪሞች መዝገብ ያገኘው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለዚያም የቬትናም ዘማቾች ጩኸት ትልቅ ድርሻ አለው። የዛሬው ደግሞ ደጋግሞ ይዘምታል። ድሮ ይገድል ከነበረ ፍንዳታ ጥይት መከላከያና ፈጣን ሕክምና ያተርፉታል፤ የተናጋው ጭንቅላት ግን አብሮት ይኖራል።

ሰው አልባ አውሮፕላን (ድሮን) ከሩቅ የሚያበረውንስ? «ወንበር ላይ ተቀምጦ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ዒላማው የሆነው ሰው ልጆቹን ሲያጫውት በካሜራ ለቀናት ያየዋል፤ ከዚያ ይተኩሳል፤ ሬሳው ሲለቀምም ያያል። ማታ ቤቱ ገብቶ እራት ይበላል።

ስለዚህ ሽማግሌውን የልጁ መምቻ ዱላ አታድርጉት። «እሱ እኮ ምንም አልሆነም» ከማለታችሁ በፊት ሌሊት ለምን እንደሚባንን ጠይቁት። ልጁን ሐኪም ዘንድ ስትወስዱ እሱንም ይዛችሁት ሂዱ።