ማስተካከያ፦ ቨርጂኒያ አማርኛን አልከለከለችም

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ መልእክት «ቨርጂኒያ እንግሊዝኛን የመንግሥት ቋንቋ ስላደረገች ከቢሮ የአማርኛ ወረቀት አይሰጥም፤ አስተርጓሚም ቀርቷል» ይላል። ልክ አይደለም።

ሕጉስ አለ፤ ግን አዲስ አይደለም። የግዛቲቱ ሕግ ክፍል 1-511 እንግሊዝኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ ያደርጋል። ቁም ነገሩ ቀጥሎ ነው፦ ሌላ ሕግ ካላዘዘ በቀር የግዛቱም ሆነ የአካባቢ መሥሪያ ቤቶች በሌላ ቋንቋ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ አይገደዱም፤ እንዳያዘጋጁም አይከለከሉም። መልእክቱ የዘለላት ይህቺን የመጨረሻዋን ነው።

«ሌላ ሕግ» የተባለውም ቀላል አይደለም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይገዛል። ስለዚህ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። እናታችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ ትንሹን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉት፤ እባካችሁ። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ አስመዝግቡ።

ነገሩ የተምታታው ፕሬዚዳንት ትራምፕ በማርች 2025 እንግሊዝኛን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ካደረጉበት ትእዛዝ ጋር ሳይሆን አይቀርም። ያ የፌዴራል ነው። እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲመቻች በ2000 የወጣውን የፕሬዚዳንት ክሊንተንን ትእዛዝ ሽሯል፤ መሥሪያ ቤቶች በሌላ ቋንቋ የሚሰጡትን አገልግሎት እንዲያቆሙ ግን አያስገድድም።