አቦ፣ ጎርፍ ይወስደዋል!

ወንዙ ዓሣ ያለበት ከተማ ያሳዝነኛል። ዓሣ ምሥጢር አይቋጥርም። ፍሳሽ በተለቀቀ ቁጥር ባክቴሪያው ቆሻሻውን ሲያብላላ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ንጹሕ ውኃ የለመዱት ዝርያዎችም በየተራ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሰናበታሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው አምባዛ ነው፤ እሱ ሲቸግረው ብቅ ብሎ ከአየር ይተነፍሳል። ባለሙያው መረቡን ጥሎ አምባዛ ብቻ ካወጣ፣ ላቦራቶሪ ሳይገባ ጉዱን ይጠረጥራል። ከጣና ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል የሚጥሉት ቢልጫዎችማ የባሱ ናቸው፤ ጠጠሩን ደለል ካለበሳችሁት እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል፣ ዘራቸው ይመናመናል፣ ከላይ ማን ምን እንዳደረገ አገር ያውቃል። ወሬኛ ሁሉ!

ድሬዳዋ ይህን ጣጣ ከሥሩ ነቅላዋለች። ከተማዋን የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ውኃ የሚያየው ከከተማዋ በላይ ካለው ከደንገጎ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፍ ሲወርድ ነው። ዓሣ ከሌለ ምስክር የለም። የዝርያ ብዛታችን ዜሮ ነው፤ አምናም ዜሮ ነበር፣ ዘንድሮም አልቀነሰም። እንዲህ የረጋ ቁጥር ያለው ወንዝ ካለ ይምጣና ይወዳደረን።

አመሻሽ ላይ ድልድዩ አጠገብ ብትቆሙ በወገኖቻችሁ ትኮራላችሁ። ባጃጅ ዳር ይዞ ይቆማል። ሰውዬው ማዳበሪያውን አቅፎ ያወርዳል፤ ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ከሥሩ ካርቶን አንጥፎለታል፣ ንጽሕና ይወዳል። ከዚያ አፉን ወደ አሸዋው ደፍቶ ሁለቴ ያራግፈዋል፦ የጫት ገራባ፣ ፌስታል፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ዳይፐር። ፍየሎቹ ሰዓቱን ስለሚያውቁ ቀድመው ደርሰዋል፤ ገራባውን ጨርሰው ፌስታሉንም ይቀማምሳሉ። ማዳበሪያው ግን ታጥፎ ወደ ባጃጁ ይመለሳል። ማዳበሪያ እኮ ገንዘብ ነው፣ ማን ይጥላል? «ጋሼ፣ ምነው እዚህ?» ብትሉት አይቀየማችሁም። «አቦ ተወና! ጎርፍ ይወስደዋል።»

እውነቱን ነው። ጎርፍ ደመወዝ አይጠይቅ፣ ነዳጅ አይጠጣ፣ ጎማ አይቀየርለት። (በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ነጥቆናል። እሱን አልቀልድበትም፤ ግን ያንን ያየ ከተማ ዛሬም ቆሻሻውን በአደራ የሚሰጠው ለዚሁ ጎርፍ ነው፤ ይህን ያህል ይቅር ባይ ሕዝብ የት ይገኛል?) የወሰደውንም ከከተማዋ በታች ባለው ሽንሌ ሜዳ ላይ ዘርግፎ ይመለሳል። የሽንሌ ሰዎች እስካሁን መጥተው አላመሰገኑንም፤ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።

ጎርፍ እስኪመጣ ደግሞ ወራት አለ። ደረቁ ቆሻሻ ታግሦ ይጠብቃል፤ ፈሳሹ ግን ትዕግሥት የለውም። ከየሰፈሩ የሽንት ቤት ጉድጓድም፣ ከወንዙም አሸዋ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርጋል። እኛም የምንጠጣው ከታች ነው፤ ድሬ የጉድጓድ ውኃ ልጅ ናት። ባለሙያዎች በከተማው የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ከሽንት ቤት ፍሳሽ የሚመጣ፣ ናይትሬት የሚባል ኬሚካል እንዳለ ከጻፉ ቆይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ50 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ ከዚያ ያለፉ ጉድጓዶች ተገኝተውብናል። እኛ መቼ በልክ ሰጥተን እናውቃለን? ለእንግዳ ሻይ ስንቀዳም እስኪፈስ ነው።

ናይትሬት ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ጨዋ ነገር ነው። የሚያስቸግረው ጨቅላውን ነው፦ የዱቄት ወተቱ በዚያ ውኃ ከተበጠበጠ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። በሌላው አገር ኦክስጅን አጥሮት ስለ ወንዙ የሚመሰክረው ዓሣ ነው። እኛ ዓሣ ስለሌለን ኃላፊነቱን በጡጦ ላሉት አስረክበናል፤ እነሱም ገና አፍ አልፈቱም።

«እኛ አፍልተን ነው የምንጠጣው» የሚሉ ጥንቁቅ እናቶች አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ጀርሙ ይሞታል። ናይትሬቱ ግን ከእንፋሎቱ ጋር አይወጣም፤ ውኃው ባነሰ ቁጥር እሱ ይወፍራል። ከሰል የጨመረ ናይትሬት ይጨመርለታል።